በሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ላይ ነፍስ መዝራት፦ ሀርድ ዲስክን በኤስኤስዲ እንዴት መተካት ይቻላል?

ላፕቶፑን ታበሩታላችሁ። ተነስታችሁ ፊታችሁን ታጥባችሁ ትመለሳላችሁ። ያቺ ክብ ምልክት አሁንም ትዞራለች። ጆሯችሁን ወደ ኪቦርዱ ብታስጠጉ ከውስጥ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «በቃ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ላፕቶፕ ማማተር ይጀምራል። እኔ ግን ትንሽ ታገሱ ባይ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ ዳተኛው ውስጡ ያለው፣ ዊንዶውስና ፋይሎቻችሁ የተቀመጡበት ሀርድ ዲስክ ነው። እሱን አውጥቶ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይሎችን በቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ፣ መግጠም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ካቻቪቴ ይዞ ብሎን መፍታት የሚችል ሰው ይወጣዋል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሀርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ። በላያቸው ላይ ማንበቢያ ጭንቅላት የተሸከመ ቀጭን ክንድ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። ላፕቶፕ ላይ የተለመደው ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። ሲሰሙት ፈጣን ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የምትፈልጉት ነገር ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ነው። ክንዱ ቦታው እስኪደርስ ደግሞ ሌላ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ጨምሩ። ለአንዲት ትንሽ ፋይል 15 ሚሊ ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ከየሥርቻው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮችን ይለቅማል። 1000 ቁራጭ ነው ብንል እንኳ 15 ሰከንድ በፍለጋ ብቻ አለቀ። ያ ቅጭቅጭታ ክንዱ ሲመላለስ የሚያሰማው ነው።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። አንዱን ቁራጭ ለማግኘት የሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይበቃዋል። እነዚያው 1000 ቁራጮች በ0.1 ሰከንድ ይለቀማሉ። ለዚህ ነው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፍጥነት ቁጥር ያን ያህል የማያስጨንቀኝ። ለውጡን የምታዩት ፊልም ስትገለብጡ ሳይሆን ላፕቶፑን ስታበሩ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ከተሻለ ለምን ቀደም ብሎ አልመጣም? አቅም አልነበረውም፣ ዋጋውም አይቀመስም ነበር። ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጀመሪያው ሀርድ ዲስክ በ1956 ከአይቢኤም ወጣ። 50 ሳህኖች ነበሩት፣ ክብደቱ ወደ አንድ ቶን ይጠጋ ነበር፣ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው። ኤስኤስዲ ዳታውን የሚይዝበትን ቺፕ፣ ፍላሽ ሜሞሪን፣ በ1980ዎቹ የፈለሰፈው የቶሺባው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱዎካ ነው። ስሙን ያወጣው የሥራ ባልደረባው ነው ይባላል፤ ዳታው በአንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የካሜራ ፍላሽ ትዝ ብሎት። በ1991 ዛሬ ሳንዲስክ የምንለው ኩባንያ 20 ሜጋ ባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ሠራ። ዋጋው 1000 ዶላር። በ2000 ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ኪስ የሚገቡ ፍላሾች የሚይዙት 8 ሜጋ ባይት ነበር፤ አሁን ስልካችሁ የሚያነሳቸው ሁለት ሦስት ፎቶዎች ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገት የመጣው በሁለት ዘዴ ነው። የፍላሽ ሴል ኤሌክትሮን የሚታጎርባት ጥቃቅን ማሰሮ ናት በሉ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባዶ ናት ወይስ ሙሉ?» ብቻ ነበር፤ አንድ ቢት (ትንሿ የዳታ መለኪያ)። ቀጥሎ ማሰሮዋ ላይ መስመር እየተሰመረ ደረጃው ይለካ ጀመር። በ8 ደረጃ ሦስት ቢት፣ በ16 ደረጃ አራት ቢት በአንዲት ሴል ይያዛል። ሁለተኛው ዘዴ ፎቅ መሥራት ነው። በ2013 ሳምሰንግ ሴሎቹን 24 ደርብ አድርጎ መደርደር ጀመረ። ዛሬ ከ200 በላይ ደርብ ያላቸው ቺፖች ይሸጣሉ። በ2024 ለዳታ ማዕከላት 122 ቴራ ባይት (አንድ ቴራ 1000 ጊጋ ነው) የሚይዝ ኤስኤስዲ ይፋ ሆኗል። በዚያው ጊዜ ትልልቆቹ ሀርድ ዲስኮች ገና 30 ቴራ ባይት አካባቢ ነበሩ። በአቅም በኩል ያለው ውድድር አልቋል። በቴራ ባይት የሚከፈለው ዋጋ ላይ ግን ሀርድ ዲስክ አሁንም ይረክሳል።

በሉ ወደ ሥራው።

1. ላፕቶፓችሁ ምን እንደሚቀበል እወቁ

መጀመሪያ ታስክ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ግቡ። ዲስኩ ሥር «ኤችዲዲ» (ሀርድ ዲስክ ማለት ነው) ካለ የምትቀይሩት ነገር አለ። «ኤስኤስዲ» ካለ ግን ችግራችሁ ሌላ ነው፤ ምናልባት ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) አንሷችሁ ይሆናል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አንዳንድ ቀጫጭንና ርካሽ ላፕቶፖች ማከማቻቸው ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ይመጣል። እሱ አይነቀልም።

የሚገጠመው ነገር ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው፤ ሳታ የቆየው የዲስክ ማገናኛ ዘዴ ነው። ሀርድ ዲስኩ የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ይላል፣ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋ ባይት ያነባል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይሄ አያሳፍራችሁም። ሌሎቹ ሁለቱ ማስቲካ የመሰሉት ኤም.2 ናቸው፤ የተለመደው መጠናቸው ወርዱ 22፣ ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ጋር ግን ወጥመድ አለ። መልካቸው አንድ ሆኖ ከውስጥ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ሳታ፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱና ፈጣኑ ዘዴ።

እኔን የበላኝ ይሄ ነው። መሰኪያውን አየሁ፣ ኤም.2 ነው፣ ኤንቪኤምኢ ገዛሁ። ልክ ልኩን ገባ። ብሎኑን አሰርኩ። ላፕቶፑ ግን ምንም እንዳልተገጠመለት ሆነ። አውጥቼ ከተትኩ፣ ነፋሁት፣ ጠረግሁት፣ የሻጩንም ስም በክፉ አነሳሁ። ለካ መሰኪያው ሳታ ብቻ ነው የሚቀበለው። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ የላፕቶፑን ሞዴል ጽፌ መመሪያውን ባይ የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። እናንተ ቀድማችሁ እዩት።

2. ስንት ጊጋ ይበቃል?

ታስክ ማናጀርን ትታችሁ አሁን ያለው ዲስክ ላይ ምን ያህል እንደሞላ ተመልከቱ። የዚያን እጥፍ የሚይዝ ብትገዙ ጥሩ ነው። 256 ጊጋ ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ይበቃል። እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው 500 ነው። ስትገጥሙት 465 ብቻ ቢያሳያችሁ ተታለልን ብላችሁ አትደንግጡ፤ ፋብሪካው አንድ ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ሲቆጥር ዊንዶውስ 1,073,741,824 ብሎ ይቆጥራል።

«ፍላሽ ቶሎ ያልቃል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት አለው። እያንዳንዷ ሴል የምትጻፍበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ግን ቁጥሩን እንየው። ደህና የሚባል ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ 600 ቴራ ባይት እስኪጻፍበት ዋስትና ይሰጠዋል። በቀን 30 ጊጋ ብትጽፉ፣ ያውም ብዙ ነው፣ 20,000 ቀን ይወስዳል። ከ54 ዓመት በላይ ነው። ላፕቶፑ ራሱ እዚያ አይደርስም።

መፍራት ያለባችሁ የውሸቱን ነው። ስሙ ያልታወቀ ባለ 16 ቴራ ፍላሽ በማይታመን ዋጋ ካያችሁ እለፉት። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ተደርጎ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትልቅ ቁጥር እንዲያሳይ ብቻ ተስተካክሎ ይሸጣል። ፋይላችሁን ሲቀበል ይቀበላል፣ ስትከፍቱት ግን የለም። የገዛችሁት ነገር ካጠራጠራችሁ ኤፍ 3 ወይም ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች ዳር እስከ ዳር ጽፈው፣ መልሰው አንብበው እውነቱን ያወጡታል።

3. ባክአፕ

ይህን ማንም አይወደውም። እኔም አልወደውም። ግን አሮጌ ዲስክ ዳር እስከ ዳር ሲነበብ ነው እጅ የሚሰጠው። ፎቶዎቻችሁን፣ ሰነዶቻችሁን፣ የሥራ ፋይሎቻችሁን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ዲስካችሁ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ተቆልፎ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ አስቀምጣችሁት ኋላ እንዳታለቅሱ።

4. ማዛወር ወይስ እንደ አዲስ መጫን?

ያለውን ሁሉ እንዳለ ማዛወር፣ ክሎን ማድረግ የሚሉት፣ ይቻላል። ኤስኤስዲውን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብል ያስፈልጋል። ክሎንዚላ የሚባለው የማዛወሪያ ፕሮግራም ነፃ ነው። ብዙ የኤስኤስዲ አምራቾችም የራሳቸውን ነፃ ፕሮግራም ይሰጣሉ፣ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። በተለይ አዲሱ ከአሮጌው በመጠን ካነሰ ክሎንዚላ ያስቸግራችኋል። አንድ ነገር ብቻ ሁለቴ አረጋግጡ፤ ከየትኛው ወደ የትኛው ነው የሚገለበጠው? አቅጣጫውን ያምታታ ሰው ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ይገለብጠዋል።

እኔ ግን ምርጫ ከተሰጠኝ እንደ አዲስ መጫን እመርጣለሁ። ለዓመታት የተከማቸውን ጓዝ ወደ አዲስ ቤት ምን አስጫነኝ? 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ፣ የማይክሮሶፍት ነፃ ማዘጋጃ ፕሮግራም፣ ከዚያ መጫን። የዊንዶውስ ዲጂታል ፈቃድ የሚታሰረው በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ዲስክ በመቀየር ብቻ አይጠፋም።

5. መክፈትና መግጠም

ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ስሊፕ ማድረግ አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ ውስጥ ከሆነ ክዳኑን እንደከፈታችሁ ገመዱን ከማዘርቦርዱ አላቁት። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ብረት ነገር ነክታችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ቻርጅ አስወግዱ።

ብሎኖቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያሰረ ሰው ማዘርቦርዱን ሊበሳ ይችላል። የላፕቶፑን ጀርባ ወረቀት ላይ ንድፉን ሥሩና እያንዳንዱን ብሎን በፈታችሁበት ቦታ በፕላስተር ለጥፉ። ሞኝነት ይመስላል፣ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ብሎን ተርፎ ከመተከዝ ያድናል።

ክዳኑ ብሎኑ ካለቀ በኋላም በፕላስቲክ ጥርሶች ተይዞ ይቆያል። ካቻቪቴ አትክተቱበት። ያለቀበት የሞባይል ካርድ ወይም ሌላ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዙ ላይ እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አይዟችሁ፣ አልተሰበረም። ካልተከፈተ ግን አትታገሉ፤ አንዳንዴ በጎማ እግሩ ሥር የተደበቀ ብሎን ይኖራል።

ሀርድ ዲስኩን ከብረት መያዣው ጋር አውጡት። ወደ ላይ አትሰብቁት፣ ወደ ጎን ጎትቱት፤ መሰኪያው የሚላቀቀው በዚያ አቅጣጫ ነው። በጎን ያሉትን አራት ብሎኖች ፍቱና መያዣውን ለአዲሱ አልብሱት። አዲሱ ቀጠን ያለ 7 ሚሊ ሜትር፣ የድሮው 9.5 ከሆነ ይወዛወዛል፤ ከኤስኤስዲው ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ፍሬም ተጠቀሙ። ኤም.2 ከሆነ ደግሞ ጋደም አድርጋችሁ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ መሰኪያው ውስጥ ግፉት። ቀጥሎ ተጭናችሁ አስተኙት፣ በትንሿ ብሎን እሰሩት። ያቺ ብሎን ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከወደቀች ተንበርክካችሁ ነው የምትፈልጓት።

6. መጀመሪያ ስታበሩት

ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ግቡና የኤስኤስዲው ስም መኖሩን እዩ። ከሌለ በደንብ አልገባም፤ ወይም እንደኔ ያልሆነውን ነው የገዛችሁት። ካለ ቅድሚያ ከእሱ እንዲነሳ አድርጉ።

ከዚያ በኋላ ዲፍራግመንት የሚባለውን፣ የተበታተኑ የፋይል ቁራጮችን አንድ ቦታ የመሰብሰብ የድሮ ልማድ እርሱት። የሚመላለስ ክንድ ለሌለው ነገር ትርፉ ሴሎቹን ማድከም ነው። ዊንዶውስ ኤስኤስዲ መሆኑን አውቆ በየጊዜው ትሪም የሚባለውን ሥራ ራሱ ይሠራል። ትሪም የሰረዛችሁትን ቦታ ለቀጣይ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ጉዱ ግን በዚያው የሰረዛችሁትን ፋይል ነፍስ ይማር ማለት ነው። ሀርድ ዲስክ ላይ በስህተት የጠፋ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይመለስ ነበር። እዚህ ተስፋ አታድርጉ።

ሌላም ልዩነት አለ። ሀርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ያቃስታል፣ ይንቀጫቀጫል፣ ፋይል ይጎትታል። ኤስኤስዲ ማታ ደህና አድሮ ጠዋት ዝም ሊል ይችላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤናውን አልፎ አልፎ እዩት፣ ባክአፑን ግን አትተዉ።

7. አሮጌውን ምን እናድርገው?

ገና የሚሠራ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ግዙለትና የባክአፕ ማስቀመጫ አድርጉት። ለዚህ ሥራ አሁንም ይመቻል። ኤስኤስዲ ዳታውን የሚይዘው በኤሌክትሮን ስለሆነ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ቀስ በቀስ ሊያፈስ ይችላል። ሀርድ ዲስክ በማግኔት ስለሚጽፍ እዚህ ላይ ይሻላል፤ ብቻ ከእጃችሁ አምልጦ እንዳይወድቅ።

ለሰው የምትሰጡት ከሆነ ፈጣን ፎርማት አይበቃም። እሱ ማውጫውን ነው የሚቀደው፣ ገጾቹ እንዳሉ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ፎርማት ስታደርጉ «ኩዊክ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱት። በሙሉ ዜሮ እስኪጽፍበት ሰዓታት ይፈጃል። ማታ ጀምራችሁት ተኙ።