በትንሽ ብር ደህና ፍሪጌት እንዴት ዲዛይን ይደረጋል? የዴንማርኮቹ ዘዴ

ብር የለንም ሲባል ሁሉም ቶሎ ብሎ መርከቡን ማሳጠር ነው የሚያስበው፣ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚበላሸው። የፍሪጌትን (መካከለኛ መጠን ያለው የጦር መርከብ ነው) ብር የሚበሉት ራዳሩ፣ ሚሳኤሉና እነሱን የሚያገናኘው ሶፍትዌር ናቸው እንጂ ብረቱ አይደለም። ስለዚህ ቦዲውን ሰፋ አርገው። ጠባብ መርከብ ውስጥ ኬብልና ቧንቧ ለመዘርጋት ሠራተኛው ተጣጥፎ ሲገባ ሲወጣ ቀኑ ያልቃል፣ የቀን ሂሳቡ ደሞ ባንተ ነው።

ዴንማርኮች ኢቨር ሁይትፌልድት የሚባሉትን 3 ፍሪጌቶች የሠሩት በዚህ ሂሳብ ነው። ርዝመታቸው ወደ 139 ሜትር፣ ክብደታቸው ከ6,000 ቶን በላይ፣ አንዷ የወጣባት ግን ወደ 325 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ለዚህ መጠን በጣም ትንሽ ነው። የሠራቸው የማርስክ (የዴንማርክ የመርከብ ካምፓኒ) ንብረት የነበረው የኦደንሰ መርከብ መሥሪያ ነው፣ ማለትም ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች። አንተም ከቻልክ የንግድ መርከብ የሚያውቅ መሥሪያ ፈልግ፣ የወታደር ስታንዳርዱን የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ተጠቀም።

ቀጥሎ ያለህን እቃ አትጣል። ስታንፍሌክስ የሚሉት ነገር አላቸው፣ 3 በ3.5 ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ሳጥን ነው፣ መድፉ ወይ ሚሳኤሉ ላዩ ላይ ይታሰራል፣ ኤሌክትሮኒክሱ ውስጡ ነው። በክሬን አንስተህ መርከቡ ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ በብሎን ታስረዋለህ፣ መብራቱንና ዳታውን ትሰካለህ፣ አለቀ። አሮጌው መርከብ ጡረታ ሲወጣ ሳጥኑ ወደ አዲሱ ይዛወራል፣ ቤት ስትቀይር ሶፋህን ይዘህ እንደምትሄደው።

ሞተር ላይ ደሞ ፍጥነት አያጓጓህ። ፍጥነቱን እጥፍ ላርግ ካልክ የሚፈለገው ጉልበት ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። አሜሪካኖቹ ኤልሲኤስ የሚሉትን የባህር ዳርቻ የጦር መርከብ ከ40 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በላይ እናስኪደው ብለው በ220 ሚሊዮን ዶላር ያሰቡት መርከብ ከእጥፍ በላይ ወጣበት (ምክንያቱ ፍጥነት ብቻ ባይሆንም)። ዴንማርኮቹ 4 የናፍጣ ሞተር ገጥመው ወደ 30 ኖት ይሄዳሉ፣ ይበቃል።

ብሩ አሁን ካልበቃህ ቦታውን ትተህ አልፈው። ኮንዶሚኒየም እንደመረከብ ነው፣ ግድግዳው ቆሟል፣ መስመሩ ተዘርግቷል፣ ሴራሚኩን ብር ስታገኝ ታስገባለህ። እንግሊዞች ታይፕ 31 የሚሉትን ፍሪጌት ከዚሁ የዴንማርክ ዲዛይን ተነስተው አንዱን በ250 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አስበው 5 ሲያዙ የትልቁ ሚሳኤል ማስወንጨፊያ አልነበረውም፣ በ2023 ግን እንጨምራለን አሉ፣ ቦታው ስለነበረ ነው እንዲህ ማለት የቻሉት።

አሁን የማይቆጠብበት ቦታ። መጋቢት 2024 (በፈረንጅ) ኢቨር ሁይትፌልድት እዚሁ ቀይ ባህር ላይ የየመን ሁቲዎች ድሮኖች መጡባት፣ 4 ጣለች፣ ግን በመሀል ራዳሩና የውጊያ ሲስተሙ (መሣሪያዎቹን የሚያዘው ኮምፒውተር) አልግባባ ብለው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሚሳኤል መተኮስ አልቻለችም፣ የመድፏም ጥይቶች አንዳንዶቹ ሳይደርሱ ቀድመው ፈነዱ። ጉዳዩ ለመከላከያ ሚኒስትሩ በጊዜው ስላልተነገረ የአገሪቱ ጦር አዛዥ ከሥልጣን ተነሳ። ከተለያየ ካምፓኒ የገዛኸው እቃ ለየብቻው ሲሞከር ሁሉም ይሠራል እኮ! ችግሩ አብረው ሲሠሩ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የፍተሻውን ብር ገና ከመጀመሪያው ለብቻው ያዝ፣ ከተረፈ አትበል፣ ሁሉንም ሲስተም ባንዴ አብርተህ ባህር ላይ በእውነተኛ ጥይት ሞክረው፣ ሶፍትዌሩ በተቀየረ ቁጥር ደሞ እንደገና። አሮጌ መድፍ ይዘህ ከመጣህ አብሮት የመጣውን ጥይት እድሜም እየው።