የልጆቹ አባት «አይሄዱም» ሲለኝ

ከልጆቼ አባት ጋር ተለያይተናል። ለእረፍት ልጆቹን ውጭ አገር ልወስዳቸው ስል «በጭራሽ!» አለ። ሦስት ሳምንት በቴክስት ተጨቃጨቅን። ለካ የፈራው ጉዞውን ሳይሆን በዚያው መቅረታችንን ነው። እንዲፈርም የላክሁለት የፈቃድ ደብዳቤ ደግሞ የመመለሻ ቀን እንኳ የለውም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብሆን አልፈርምም።

እንደ አዲስ ጻፍኩት። የልጆቹ ሙሉ ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ የምንሄድበትና የምንመለስበት ቀን፣ የበረራ ቁጥር፣ የምናርፍበት አድራሻ። የደርሶ መልስ ትኬቱን ኮፒም አያያዝኩ። ማታ ማታ በቪዲዮ እንዲያገኛቸው፣ ስንመለስ ፓስፖርታቸው እሱ ጋ እንዲቀመጥ ጨመርኩ። (ልቡን ያራራችው ይቺ የመጨረሻዋ ናት።)

የምንኖርበትም የምንሄድበትም አገር በ1980ው (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት የተሳሰሩ መሆናቸውንም አጣርቼ አሳየሁት። ስምምነቱ ያለአግባብ ከሚኖርበት አገር የተወሰደ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቶሎ እንዲመለስ የሚያደርግ ነው።

ውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ ፈረመ። እምቢ ቢል ፍርድ ቤት ማመልከት ነበረብኝ፤ ትኬቱን ቀድሜ መቁረጤ ጅልነት ነበር።

ኤርፖርት ላይ ሠራተኛዋ ደብዳቤውን አነበበች፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አየች፣ ማህተሙን መታች።