የከተማ አስተዳደር የገቢ እቅድ አዘገጃጀት

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን የገቢ ቋቶች ለይተው ይያዙ፤ ከክልል የሚመጣው ጥቅል ድጎማ በአብዛኛው የሚውለው እንደ ትምህርትና ጤና ላሉ መደበኛ ሥራዎችና ለሠራተኛ ደመወዝ ሲሆን፣ የጽዳት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድና የጎርፍ ማስወገጃ ወጪ ግን በዋናነት የሚሸፈነው ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው። እቅዱን በአምናው ክንውን ላይ ጥቂት በመቶ ጨምሮ ከማስቀመጥ ይልቅ (ስንፍና ነው ማለት ይቻላል) ከመዝገብ ይነሱ፦ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መሠረት ስንት ቤት ተመዝግቧል፣ ከተማው ካከራያቸው ሱቆች የስንቱ ኪራይስ ውዝፍ ነው? የሊዝ ክፍያ ከቅድመ ክፍያው በኋላ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ስለሚገባ፣ በጨረታ የተላለፈን ቦታ ሙሉ ዋጋ በአንድ ዓመት ገቢ መያዝ በጀቱን ያጎድለዋል።