ከቴስቶስትሮን ሕክምና ጎን የሚታዘዘውን የኤችሲጂ መርፌ ማዘጋጀት

ከውጭ የሚሰጥ ቴስቶስትሮን በአንጎል ሥር ያለችው የፒቱታሪ ዕጢ የዘር ፍሬን የሚያነቃቁትን ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሆርሞኖች ማመንጨቷን እንድትቀንስ ስለሚያደርጋት፣ የዘር ፍሬ መጠን ሊያንስና የወንዴ ዘር ቁጥር እጅግ ሊቀንስ ይችላል። ልጅ መውለድ ለሚያስብ ወንድ ሐኪም ኤችሲጂን የሚጨምረው፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመነጨው ይህ ሆርሞን የኤልኤችን ሥራ ተክቶ ስለሚሠራ ነው።

መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ በዱቄት መልክ ስለሚመጣ፣ ማሟሟያውን በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርገው ያንጠባጥቡና ሳይንጡ በመዳፍዎ መካከል ያዙሩት። ስሕተት የሚበዛው ልኬቱ ላይ ነው። 5000 ዩኒት በ5 ሚሊ ሊትር ከተሟሟ፣ 500 ዩኒት የታዘዘለት ሰው የሚስበው 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በባለ 100 (1 ሚሊ ሊትሩ በ100 ዩኒት በተከፈለ) የኢንሱሊን ስሪንጅ 50 እስከሚለው ምልክት ነው፤ በስሪንጁ ላይ የተጻፈው ዩኒት የኢንሱሊን እንጂ የኤችሲጂ አይደለምና።

ከቆዳ ሥር እንዲወጋ ከታዘዘ፣ ከእምብርት ራቅ ያለውን የሆድ ቆዳ በአልኮል ጠርገው፣ እስኪደርቅ ጠብቀው፣ ቆንጠጥ አድርገው ይውጉ፤ ቦታውንም ይቀያይሩ። የተረፈውን፣ የተሟሟበትን ቀን ጽፈውበት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማቀዝቀዣ ያቆዩት። ጡት ካበጠ ወይም ካመመ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ መጠኑን በራስዎ ሳይቀይሩ ለሐኪምዎ ይንገሩ።