ሙሉ ቀን እየሠሩ በጋውን መጠቀም

በጋውን በሰዓት እንቁጠረው። ሦስት ወር 13 ሳምንት ነው፤ 65 የሥራ ቀንና 26 የእረፍት ቀን። ከሥራ በ11 ሰዓት ወጥተው በ12 ነጻ ቢሆኑና ጀንበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሆን፣ በየሥራ ቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል የቀን ብርሃን ይተርፍዎታል። በ65 ሲባዛ ከ160 ሰዓት ያልፋል። ከዓመት ፈቃድዎ አሥር ቀን ወስደው በየቀኑ አሥር ሰዓት ውጭ ቢውሉ ግን የሚያገኙት 100 ሰዓት ነው። ብዙ ሠራተኛ ዓይኑን ፈቃዱ ላይ ተክሎ ምሽቶቹን ሶፋ ላይ ይጨርሳቸዋል። ፈቃዱ ሲደርስ ዝናብ ወይም ጉንፋን ይገጥመውና «ዘንድሮ በጋውን ሳላየው አለፈ» ይላል። ስለዚህ ዕቅዱ ከማክሰኞና ከሐሙስ ምሽት ይጀምር።

እዚህ በጋ የምንለው ቀኑ የሚረዝምበትንና ሙቀቱ የሚበረታበትን ወቅት ነው፣ በየትኛውም ወር ይምጣ። ሰዓቱም ከንጋት በሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ብርሃኑን ይወቁት

ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር የበጋ ቀን ይረዝማል። በረጅሙ ቀን 40ኛው ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ) ላይ 15 ሰዓት ያህል ብርሃን አለ፤ 50ኛው ላይ 16 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ 60ኛው ላይ ደግሞ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። ምድር ወገብ አጠገብ ግን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። እዚያ የሚኖር ሠራተኛ ምሽቱን ትቶ ማለዳውን ይያዝ፤ ከንጋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ስልክም አይጮህም።

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 አካባቢ ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 21። በደቡቡ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ይውላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምድሩ እስኪሞቅ ጊዜ ስለሚወስድ ብርቱው ሙቀት የሚመጣው ረጅሙ ቀን ካለፈ አንድ ወር ያህል ቆይቶ ነው። «አሁን ገና በጋ ገባ» ብለን ዕቅድ ማውጣት ስንጀምር ብርሃኑ መሸሽ ጀምሯል። መጀመሪያ ላይ የሚቀንሰው ጥቂት ስለሆነ አይታወቅም። ሁለት ወር ሲሞላው ግን 50ኛው ኬክሮስ ላይ ቀኑ ከሁለት ሰዓት በላይ አጥሯል፤ ያኔ በየቀኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጎድላል።

ከዚህ የሚወጣው ቅደም ተከተል ቀላል ነው። ረጅም ብርሃን የሚፈልገውን ሁሉ፣ ማለትም ረጅም የእግር ጉዞ፣ ብስክሌት፣ የሜዳ ጨዋታ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ያድርጉት። ዋና ይቆይ፤ የሐይቅና የባሕር ውኃ ከአየሩም ዘግይቶ ነው የሚሞቀው።

ከቢሮ በሰዓቱ መውጣት

የምሽቱ ሰዓት የሚያፈስሰው በዚህ በኩል ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማምሸት በበጋው ውስጥ 32 ሰዓት ተኩል ይበላል። ሰው የሚያመሸው ሁልጊዜ ሥራ ስለበዛበት ብቻ አይደለም። ቀኑ መዝጊያ ስለሌለው፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የመጣችው ኢሜይል የመጨረሻዋን ሰዓት ይዛት ትሄዳለች።

መፍትሔው በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ያለውን ግማሽ ሰዓት መዝጋት ነው፤ ሌሎች ስብሰባ እንዳያስገቡበት «የተያዘ» ተብሎ ይታይ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ያልተመለሱ መልእክቶችን ይዩ። ዛሬ የማያልቀውን «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እልክልዎታለሁ» ብለው ይመልሱ። ሰዓት የሌለው መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ሰዓት ያለው ግን ጠያቂውን ያሳርፋል። ቀጥሎ የነገን ሦስት ሥራዎች በወረቀት ይጻፉ። «ሪፖርት» ብለው ከጻፉ ሐሳቡ ቤት ድረስ ይከተልዎታል። «የሪፖርቱን ሁለተኛ ሠንጠረዥ መሙላት፣ አኃዙ ከሒሳብ ክፍል በመጣው ፋይል ውስጥ አለ» ብለው ከጻፉ ግን ጠዋት እጅዎ የት እንደሚጀምር ያውቃል፣ አእምሮዎም ይለቀዋል። የተረፈው ጊዜ ለድንገተኛ ነገር ነው።

አምስቱንም ምሽት ልያዝ ማለት አይበጅም። አንድ የተጨናነቀ ሳምንት ይመጣና ዕቅዱን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ሁለት ምሽት ይምረጡና ለባልደረቦችዎ ያሳውቁ፤ «ማክሰኞና ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ» የሚለውን ሰው ሁሉም ይለምደዋል። አንድ ምሽት እንደ አየሩ ሁኔታ ይሁን። የቀሩት ሁለቱ ለቤትና ለሚያመሽ ሥራ ይቆዩ።

መሥሪያ ቤትዎ ፈቃደኛ ከሆነ የሥራ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ማስቀደም ትልቅ ነገር ነው። ከ3 እስከ 11 የነበረው ከ2 እስከ 10 ቢሆን በምሽቱ ላይ 65 ሰዓት ይጨመራል። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ያቅርቡ፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ ችግር ቢፈጠር እንዴት እንደሚገኙ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ አብራችሁ እንደምትገመግሙት። አለቃን የሚያሳስበው ያ የመጨረሻ ሰዓት ነው፤ መልሱን ይዘው ካልገቡ ጥያቄው ይወድቃል።

40 ሰዓቱን በአራት ቀን መጨረስ፣ ወይም የሁለት ሳምንቱን 80 ሰዓት በ9 ቀን መሥራትም አለ፤ ሁለተኛው በቀን 8 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ይሆናል። በእኛ አስተያየት በበጋ የሚሻለው ሰዓቱን ማስቀደም ነው። የአሥር ሰዓት ቀን አንድ ዓርብ ይሰጥና አራት ምሽት ይወስዳል። ፀሐይ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ በሙቀት አሥር ሰዓት መቆም ለጤና አደጋ ነው።

በር ላይ ያለው ቦርሳ

ቤት ገብተው ጫማ ካወለቁ ምሽቱ እዚያው አለቀ። ስለዚህ ከሥራ በቀጥታ ይሂዱ፣ ቦርሳውም ከማታው ይዘጋጅ። የሚገባበት ይህ ነው፦ ቀጭን ፎጣ፣ ቅያሪ ካናቴራና ካልሲ፣ የሚመች ጫማ፣ ባርኔጣ፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የትንኝ መከላከያ፣ ጀንበር ስትጠልቅ የሚደረብ ስስ ሹራብ፣ የስልክ ቻርጀር፣ እርጥብ ልብስ የሚጠቀለልበት ላስቲክ።

ቦርሳው የሚበላሸው ሲመለሱ ነው። ማታ ደክሞዎት በር ሥር ይጥሉታል፤ እርጥቡ ፎጣ ላስቲኩ ውስጥ እንደታፈነ ያድርና በሁለተኛው ቀን ሽታው ቅያሪው ካናቴራ ላይ ሳይቀር ይገባል። ከዚያ ሁሉም ወደ እጥበት ይሄዳል፣ ቦርሳውም ባዶውን ይከርማል። እንደገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ እርጥቡን አውጥተው ያስጡ፣ ደረቁን ይተኩ፣ ኮዳውን ይሙሉ። አራት ደቂቃ አይፈጅም። ክሬሙን መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ኃይለኛ ሙቀት ያበላሸዋል።

ስለ ክሬሙ ካነሳን፣ ኤስፒኤፉ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ አስቀድመው ይቀቡ፤ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋኙ ወይም ካላበዎት ደግሞ ወዲያው ይድገሙ። ለአዋቂ ሰው ሙሉ ሰውነት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚቀባው። ጥቁር ቆዳ ቶሎ ባይቃጠልም ከጉዳት ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። በበጋ የሰዓት አቆጣጠሩ በአንድ ሰዓት ወደፊት በሚገፋበት አገር ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ወደ 7 ሰዓት ስለሆነ፣ 10 ሰዓት ላይም ጉልበቷ ገና አልደከመም።

የሚሄዱበት ቦታ ከሥራ ወይም ከቤት መንገድ 25 ደቂቃ ባይርቅ ይመረጣል። ሦስት ቦታ አስቀድመው ይያዙ፤ አንድ ውኃ ያለበት፣ አንድ ጥላ ያለው፣ አንድ ለዝናብ ጣሪያ ያለው። ቀትር ላይ ለአንድ ጓደኛ «12 ሰዓት እዚያው እንገናኝ» ብለው ይላኩ። ከራስ ጋር የተያዘ ቀጠሮ በድካም ይሰረዛል፤ ሰው የሚጠብቅዎት ከሆነ ግን ይሄዳሉ።

ሰውን ወደ ቤት የሚጎትተው ሌላው ነገር ረሃብ ነው። 10 ሰዓት ላይ ትንሽ ነገር ይቅመሱ፣ እራትዎንም ይዘው ይውጡ። በቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘው ከምግቡ ጎን ይክተቱ። ሲሞሉት ከላይ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይተዉለት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ሙሉ ጠርሙስ ይሰነጠቃል። ሲቀልጥ ደግሞ ይጠጡታል።

ቤቱና ልጆቹ

ቅዳሜ በእጥበትና በገበያ እንዳይበላ፣ የቤቱን ሥራ ሰኞና ረቡዕ ማታ 45 ደቂቃ እየሰጡ ይከፋፍሉት። ማብሰል በሳምንት ሁለቴ፣ ያውም በማለዳ ይሁን፤ ምሽት ላይ የተለኮሰ ምድጃ የመኝታ ክፍሉን ጭምር ያሞቃል። ከሦስት ቅዳሜና እሁድ አንዱን ያለ ምንም ቀጠሮ ይተዉት።

ልጆች ከትምህርት ቤት ሲዘጉ ሳምንቶቹን ወረቀት ላይ ያስምሩና በእያንዳንዱ ሳምንት ልጆቹን የሚይዘው ማን እንደሆነ ይጻፉ። ባልና ሚስት ፈቃዳቸውን ሁሉ አብረው ከወሰዱ ብዙ ሳምንት ባዶ ይቀራል፤ አንድ ሳምንት በጋራ፣ ሌላውን በየተራ መውሰድ ይሻላል። ከሌላ ቤተሰብ ጋር ቀን መለዋወጥም ይረዳል።

እንቅልፍ ካልተጠበቀ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል

አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት መተኛት አለበት። ረጅም ብርሃን ግን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን ያዘገየዋል፤ ሰውነትም «ገና ነው» ይላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቤት ገብተው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝተው ንጋት 12 ሰዓት ቢነሱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይሞላል። የመነሻውን ሰዓት በእረፍት ቀንም አይቀይሩት። እሁድ ሦስት ሰዓት አሳልፎ የሚነሳ ሰው እሁድ ማታ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ሰኞን በድካም ይጀምራል፣ ማክሰኞ ምሽትም የታሰበው ይቀራል።

ክፍሉን ማቀዝቀዝ የሚጀመረው ጠዋት ነው። ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ከመውጣትዎ በፊት ይዝጉና መጋረጃውን ይጋርዱ። ከውጭ በኩል የሚከልል ነገር ከመጋረጃ ይበልጣል፤ ሙቀቱን መስታወቱ ሳያስገባው ያስቀረዋልና። ማታ የውጭው አየር ከቤቱ ሲቀዘቅዝ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ይክፈቱ፤ አንዱን ብቻ ቢከፍቱ አየሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ማራገቢያ ጥሩ ነው፣ የክፍሉ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ካለፈ ግን የሚነፍሰው አየር ከቆዳዎ ስለሚሞቅ ባይተማመኑበት ይሻላል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፤ ደም ወደ ቆዳ ወጥቶ ሙቀቱን ያስወጣል። የመጨረሻው ቡና 8 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ከአምስትና ስድስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ካፌይን ሰውነት ውስጥ ነው።

ፈቃዱን መበተን

ለእውነተኛ እረፍት አንድ ሙሉ ሳምንት ያስፈልጋል፤ የተረፈውን ግን በትንሽ በትንሹ ይጠቀሙበት። በዓል ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከዋለ በአንድ ቀን ፈቃድ አራት ተከታታይ ቀን ያገኛሉ። በዓል ካለበት ሳምንት አራቱን ቀን ቢወስዱ ዘጠኝ ቀን ይሆናል። ሁለት ቀን ፈቃድ ደግሞ አራት ግማሽ ቀን ነው፤ በ7 ሰዓት መውጣት ለአንድ ሙሉ የሐይቅ ውሎ ይበቃል። ዓርብን ሁሉም ይሻማበታል፤ ረቡዕን የሚጠይቅ የለም፣ ቦታዎቹም ባዶ ናቸው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። መጀመሪያ ከባልደረቦችዎ ጋር ይስማሙ፣ ለአለቃዎ ሁለት አማራጭ ይዘው ይቅረቡ። ከመውጣትዎ ሁለት ቀን በፊት አዲስ ሥራ አይቀበሉ፤ ለሚተካዎ ሰው እያንዳንዱ ሥራ ያለበትን ደረጃ፣ ቀጣዩን እርምጃና የሚጠየቀውን ሰው በአንድ ገጽ ይተዉለት።

ፈቃድ ላይ መሆንዎን የሚያሳውቀው አውቶማቲክ የኢሜይል መልስ ከሚመለሱበት ቀን አንድ ቀን አልፎ ይቆይ። ቢቻል ረቡዕ ይመለሱ፣ የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ከስብሰባ ነጻ ያድርጉት፤ ኢሜይሉንም ከአዲሱ ወደ አሮጌው ያንብቡ። ከሥር ያለው አብዛኛው ጥያቄ እርስዎ በሌሉበት መልስ አግኝቷል።