አደገኛ ዜብራን መፈተሽና ማስተካከል

እግረኛ ደጋግሞ የሚገጭበት ዜብራ ላይ ቀለሙን ማደስ ብቻውን ብዙም አይረዳም። መጀመሪያ መኪኖቹ በምን ፍጥነት እንደሚደርሱና ሾፌሩ እግረኛውን ከየት ጀምሮ እንደሚያየው ይለካ።

ለፍጥነቱ፣ ከዜብራው በፊት ያለውን 50 ሜትር ለክተው ሁለቱን ጫፎች በመንገዱ ዳር በኖራ ምልክት ያድርጉባቸው። የፊት ጎማ የመጀመሪያውን ምልክት ሲያልፍ የስልክዎን ሰዓት ያስነሱ፤ ሁለተኛውን ሲያልፍ ያቁሙ። 180ን ላገኙት ሰከንድ ሲያካፍሉ ፍጥነቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይወጣል፦ 3.6 ሰከንድ 50፣ 6 ሰከንድ ደግሞ 30 ነው። ከፊቱ ሌላ መኪና የሌለውን ብቻ ይለኩ፤ በሰልፍ የሚሄድ የፊተኛውን ፍጥነት ነው የሚከተለው። ከመንገዱ ገለል ይበሉ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ያዩ ሾፌሮች ትራፊክ ፖሊስ መስሏቸው ፍሬን ይይዛሉ። የ100 መኪና ፍጥነት ከዝቅተኛው ጀምረው ይደርድሩና 85ኛውን ይያዙ። አማካዩ ፈጣኖቹን ይሸፍናቸዋል።

ሾፌሩ ነቅቶ ፍሬን እስኪይዝ 1.5 ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ50 የሚሄድ መኪና 35 ሜትር ያህል፣ በ30 የሚሄድ 18 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። አስፋልቱ ሲረጥብ ይረዝማል።

አሁን የልጅ ዐይን ባለበት፣ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ በርከክ ብለው 35 ሜትር ራቅ ብሎ የመንገዱ ዳር ላይ የቆመ ረዳትዎን ይፈልጉ። ካልታየዎት አብዛኛውን ጊዜ የሚጋርደው የቆመ መኪና ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። መኪና ማቆምን ከዜብራው በፊት ቢያንስ ለ10 ሜትር ይከልክሉ። ክልከላው እንዲከበር ከሰሌዳ ይልቅ የእግረኛ መንገዱን እዚያ ላይ ማስፋት ይሻላል።

ከሁሉም የከፋው በአንድ አቅጣጫ ሁለት መስመር ያለው መንገድ ነው። አንዱ መኪና በጨዋነት ቆሞ ያሳልፋል፤ በዚያው ግን እግረኛውን ከጎን ለሚመጣው ይጋርደዋል። መስመሩን እዚያ ጋ ወደ አንድ ማጥበብ፣ ካልሆነም የመቆሚያውን መስመር ከዜብራው ቢያንስ 6 ሜትር ወደኋላ ማራቅና መሀል ላይ 2 ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ መቆያ መሥራት ያስፈልጋል።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከተሠራ 3.7 ሜትር ርዝመትና ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፤ አናቱ ክብ ይሁን። አጭርና ሹል የሆነው ሞተር ሳይክል ይጥላል፤ መኪኖችም ሊሸሹት ወደ ዳር ይታጠፋሉ። ለጎርፍ የሚተወው ክፍተት ሞተር የማያሳልፍ ይሁን። ሳይቀባ የቀረ ጉብታ ማታ ራሱ አደጋ ነው።

መብራቱ መኪናው ከሚመጣበት በኩል፣ ከዜብራው ትንሽ ቀደም ብሎ ይተከል። ከኋላ ከሆነ እግረኛው ጥላ ብቻ ሆኖ ይታያል።

ሾፌሮች ለውጡን እስኪለምዱት ለጥቂት ሳምንታት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ በዚያው 50 ሜትር ላይ እንደገና ይለኩ፤ 85ኛው አሁንም ከ30 በላይ ከሆነ ከዜብራው ቀደም ብሎ ሌላ ጉብታ ይጨመራል።