ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ለሳይንስና ለሂሳብ ስኮላርሺፕ ማመልከት

ሂሳብ ወይም ፊዚክስ የምታጠኑ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት ቦታ ቀድማችሁ ሞክሩ። ሩዋንዳና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ ማዕከላት ያሉት ኤይምስ (የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም) ለማስተርስ ተማሪዎቹ ትምህርቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን ይሸፍናል። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል) ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። ሁለቱም የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም፤ ገንዘብ አምጡ የሚል ደላላ ካገኛችሁ እለፉት።

ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው ስም ላይ ነው። «መሐመድ» በላቲን ፊደል ብዙ ዓይነት አጻጻፍ አለው። ትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ከሆነ የሁለት ሰው ሰነድ ይመስላል። የአያት ስምንም አትርሱ። ሳትመረቁ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ዲግሪው ከታተመ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

ሐምሌ 2017 የተመረቀ ሰው ፎርሙን ጁላይ 2025 ብሎ ይሙላ። 2017 ካለ ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ እንደተመረቀ ይቆጠራል፤ የምረቃ ጊዜ ገደብ ካለ ያስወድቀዋል።

ለድጋፍ ደብዳቤ መምህራችሁን ከአንድ ወር በፊት ጠይቁ። ውጤታችሁንና የመመረቂያ ሥራችሁን አንድ ገጽ አጭር መግለጫ አብራችሁ ስጡ። «ጎበዝ ተማሪ ናት» ብቻ የሚል ደብዳቤ አይረዳም፤ «የሪያል አናሊሲስ ማረጋገጫዎችን ራሷ እየሠራች ለጓደኞቿ ታስረዳ ነበር» የሚለው ግን ይመዝናል።

የመዝጊያ ሰዓቱ 17:00 ጂኤምቲ ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። መብራትም ኔትወርክም ሊጠፋ ይችላልና ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ።